እትዬ አረጋሽና ኮሚቴው

የእትዬ አረጋሽን ዕረፍት የሰማሁት አዳማ ውስጥ ባጃጅ ላይ ተቀምጬ ነው። የደወሉልኝ የባቱው ሽንኩርት አምራች ኦቦ ገመቹ ናቸው። ኦቦ ገመቹ ስልክ ሲያወሩ ከመስኖ ማዶ ያለ ሰው የሚጠሩ ይመስል መጮህ ልማዳቸው ነው፤ የዚያን ቀን ግን ድምፃቸው አልወጣ ብሎ ተቸገሩ።

«ሲሳይ፣» አሉኝ፤ «አዴ አረጋሽ ዛሬ ጠዋት አረፉ።»



የባጃጁ ሾፌር በመስታወቱ አየኝና «ምነው ወንድም? ሰው ሞተብህ እንዴ?» አለኝ።

«አዎ።»

«ዘመድ?»

«የሥራ ባልደረባ ነበሩ፤» አልኩት። አነጋገሬ ለራሴም አነሰብኝ። ልጁ ደግ ነው፤ ስወርድ ከሂሳቡ ላይ ቀንሶልኝ «ነፍስ ይማር» ብሎ ሄደ። እኔም እንባዬ ሳይደርቅ ሳቄ መጣ። እትዬ አረጋሽ ይህን ቢያዩ ምን እንደሚሉ አውቃለሁና፦ «አየህ፣ ሞቼም አስቀነስኩልህ!»

እትዬ አረጋሽ ዋጋ ተጠርቶባቸው ዝም ብለው የሚያልፉ ሰው አልነበሩም። ጣጣው ደግሞ፣ እንጀራቸው የተጠራን ዋጋ ዝም ብሎ መጻፍ መሆኑ ነው። መሥሪያ ቤታችን የምግብ ዋጋ ይከታተላል። ሰብሳቢዎቹ በየሳምንቱ ገበያ ወጥተው ጤፉ፣ ሽንኩርቱ፣ ዘይቱ፣ በርበሬው ስንት እንደዋለ ይጠይቃሉ፤ የጠየቁትን ይልካሉ፤ አዲስ አበባ ያሉት ደግሞ ከየከተማው የመጣውን ደምረው ኑሮ ምን ያህል እንደከበደ ያሰላሉ። ድሮ ሥራው በወረቀት ነበር። ታብሌት ሲመጣ እኔም አብሬ መጣሁ፤ ሰብሳቢዎቹን ማሠልጠን፣ የተበላሸውን መጠገን፣ የተላከው ዋጋ መድረሱን ማረጋገጥ የኔ ድርሻ ሆነ።

እትዬ አረጋሽ ከሰብሳቢዎቹ አንዷ፣ አጠር፣ ወፈር ያሉ ሴት ነበሩ፤ ሲራመዱ ግን ቀጭኖቹ አይደርሱባቸውም። ዓመቱን ሙሉ ጃንጥላ ይይዛሉ። ጃንጥላው ለፀሐይም ለዝናብም አልነበረም፤ የአዳማ ነፋስ ሁለቴ ገልብጦባቸው ከዚያ ወዲህ ዘርግተውት አያውቁም። መጠቆሚያ ነበር። «ያ የተደበቀው ሽንኩርትስ?» ሲሉ፣ የጃንጥላው ጫፍ ነጋዴው ከጆንያ ሥር ያደረገው ሽንኩርት ላይ አርፎ ነው።

ታብሌቱን መጀመሪያ ያስረከብኳቸው ቀን ተጣሉ፤ ከእኔ ጋር ሳይሆን ከታብሌቱ ጋር። የተጻፈለት ዋጋ ከሰሞኑ በጣም የራቀ ከመሰለው፣ ታብሌቱ በቀይ ጽሑፍ «ዋጋው ከተለመደው ውጪ ነው። እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ይጠይቃል። እትዬ አረጋሽ መነጽራቸውን ገፋ አድርገው አነበቡት። ደግመው አነበቡት።

«እርግጠኛ ነዎት ይለኛል? እኔን?» አሉ። «እኔ በርበሬ መግዛት ስጀምር ይህን ዕቃ የሠራው ልጅ እናቱም አልተዳረች!»

«እትዬ፣ ‹አዎ› የሚለውን ብቻ ይጫኑት።»

«አልጫንም። መጀመሪያ ይቅርታ ይበለኝ።»

ይባስ ብሎ ታብሌቱ ሰብሳቢው ገበያው ውስጥ መቆሙን በሳተላይት ሳያረጋግጥ ዋጋ አይቀበልም ነበር። ይህን ስነግራቸው «ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ባቡር ጣቢያ ሠርቶ ሲመጣ አንድ ቀን እንኳ የት ዋልሽ ብሎኝ አያውቅም፤» አሉኝ። ወሩ ሳያልቅ ግን ለዚያው ለሰደቡት ታብሌት ዙሪያውን ጥልፍ ያለው የከፋይ ልብስ ሰፍተውለት መጡ። አቧራ እንዳይገባበት ነው አሉ። ሲያስቀምጡት ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው ቀስ ብለው ነበር።

አሁን ወደ ክርክሩ። አዲስ አበባ ያሉት ሰዎች አንድ ነገር ግራ አጋባቸው፤ በየከተማው ሽንኩርት ሲወደድ አዳማ ላይ ብቻ ርካሽ ነው። ቲማቲሙም እንዲሁ። በርበሬውም እንዲሁ። ስልክ ደወሉ፤ ታብሌቱ ተፈተሸ፤ ደህና ነው። በመጨረሻ ወይዘሪት ሕሊና የምትባል ባለሙያ ራሷ መጣችና ሦስታችን ገበያ ወጣን።

ሕሊና አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ፊት ቆማ ዋጋ ጠየቀች። ሴትዮዋ ነገረቻት። ሕሊና ጻፈች። ቀጥላ «እስቲ እርስዎ እንደ ሁልጊዜው ይሥሩ» አለቻቸው።

እትዬ አረጋሽ ጃንጥላቸውን ተደግፈው ጀመሩ። ሻጯ የመጀመሪያውን ዋጋ ጠራች። እትዬ አረጋሽ ሳቁ። ሁለተኛውን ጠራች። እትዬ አረጋሽ ሽንኩርቱን አንስተው ለሕሊና አሳዩዋትና «ይሄ ሽንኩርት ነው ወይስ የሽንኩርት ፎቶ?» አሉ። ሻጯ ወደ ሰማይ ተመለከተች። ሦስተኛውን ዋጋ ከመጥራቷ በፊት ስለ ልጇ ትምህርት ተጠየቀች፣ ስለ ወገቧ ሕመም ተመከረች፣ ሚዛኗም ተነቀነቀ። በመጨረሻ ሻጯ «እትዬ፣ በሞቴ፣ በዚህ ይጻፉና ይሂዱልኝ፤ ገበያተኛ ቆሟል!» አለች። እትዬ አረጋሽ በኩራት ጻፉ።

ሕሊና አፏን ይዛ ነበር። «እትዬ አረጋሽ፣ ሲመዘግቡ ሁልጊዜ ተከራክረው ነው?»

«ታዲያ? የተጠራውን ዋጋ የሚከፍል ሰው አለ?»

«እርስዎ እኮ የሚያገኙትን ዋጋ ሌላ ሰው አያገኝም። እኛ የምንፈልገው ሕዝቡ የሚከፍለውን ነው።»

«ሕዝቡም ቢከራከር ኖሮ በዚህ ይገዛ ነበር።»

«ግን አይከራከርም።»

እትዬ አረጋሽ ጃንጥላቸውን ብብታቸው ሥር አደረጉ። በክርክር ሲሸነፉ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። እውነትም ሕሊና ትክክል ነበረች፤ የአዳማ ሽንኩርት ርካሽ ሆኖ የኖረው በእትዬ አረጋሽ ምላስ ላይ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ የተጠራውን ብቻ ጠይቀው እንዲጽፉ ትእዛዝ ተሰጣቸው። ትእዛዙን አከበሩ፤ ሲያከብሩት ግን ማየት ያሳዝናል። ነጋዴው ዋጋውን ይጠራል፤ እሳቸው ከንፈራቸውን ነክሰው፣ ፊታቸው ቀልቶ ይጽፋሉ። «ላክ» የሚለውን እንደተጫኑ ታብሌቱን በከፋዩ ይጠቀልሉና «አሁን ከሥራ ወጥቻለሁ!» ብለው ወደ ነጋዴው ይመለሳሉ። ለራሳቸው ብቻም አልነበረም የሚከራከሩት። አጠገባቸው ቆማ ዋጋ ሰምታ ዘንቢሏን ይዛ ልትሄድ የዞረች ሴት ካዩ፣ «ነይ ወዲህ፣ አንቺ!» ብለው ክንዷን ይዘው ያስቀንሱላታል። እንደዚያ ዓይነት ቀን ቢሮ የሚመለሱት ዘግይተው፣ ድምፃቸው ዘግቶ ነው።

በኋላ ዓሣም በምንከታተለው ምግብ ውስጥ ተጨመረ። ከባቱና ከቆቃ የሚመጣውን ቆሮሶ መመዝገብ የእትዬ አረጋሽ ሥራ ሆነ። አንድ ቀን ቢሮ ውስጥ የሰበሰቡት ዋጋ ኮምፒዩተሩ ላይ ምን እንደሚመስል አሳየኋቸው። ሁዳዴ በገባ ቁጥር የዓሣው መስመር ሽቅብ ይወጣል፤ ፋሲካ ሲደርስ ይወርዳል። መስመሩን ራሴ እንደፈጠርኩት ሁሉ በኩራት ነው ያሳየኋቸው፤ ቀለሙን የመረጥኩት እኔ ነኝ።

እትዬ አረጋሽ ጣታቸውን ጫፉ ላይ አደረጉ። «እዚህ ጋ ሲደርስ ማነው ሳይበላ የቀረው?» አሉኝ።

«እ?»

«ሽቅብ ሲወጣ የሚቀር ሰው አለ እኮ። እሱ የታለ እዚህ ላይ?»

ይህን የሚያሳይ ነገር እንደሌለን ነገርኳቸው። እሺ ብለው ወጡ። ጥያቄው ግን ከእኔ ጋር ቀረ፤ እስከ ዛሬ መስመር ሽቅብ ሲወጣ ባየሁ ቁጥር ጫፉን በጣቴ እነካለሁ።

ጡረታቸው ደርሶ ቢሮ ውስጥ ኬክ ተቆረሰ፤ ኃላፊያችን ንግግር አደረጉና «እንግዲህ እፎይ የሚሉበት ጊዜ ነው» አሉ።

«እፎይ አልልም፤» አሉ እትዬ አረጋሽ። «ዓሣ ላረባ ነው።»

ሁላችንም ሳቅን። እሳቸው ግን አልሳቁም። «ይህን ሁሉ ዘመን የበሽተኛ ትኩሳት ስለካ ኖርኩ። ዛሬ ጨመረ፣ ዛሬ ቀነሰ፤ ይኸው ነው። አንድ ቀን እንኳ መድኃኒት አልሰጠሁም። አሁን ጥቂት ልሞክር ነው።»

ሐዋሳ የምትኖር የሒሳብ ሠራተኛ ልጃቸው ብርቱካን ደወለችልኝ። «ሲሳይ፣ አንተን ትሰማለች። በዚህ ዕድሜዋ ጉድጓድ ቆፍራ ዓሣ ልትጠብቅ ነው እኮ! እኔ ጋ መጥታ ብትቀመጥ ምን አለ? ምከራት።» ልመክራቸው ሄድኩ። ስመለስ የውሃ መለኪያ መሣሪያ ላስገጥምላቸው ቃል ገብቼ ነበር። ከእትዬ አረጋሽ ጋር የተከራከረ ሰው ከዚህ የተሻለ ውጤት አያገኝም።

ባቱ ላይ ከሟች ወንድማቸው የወረሱት ቁራሽ መሬት ነበራቸው፤ ከኦቦ ገመቹ የሽንኩርት ማሳ ጎን። ኦቦ ገመቹ ሽንኩርት ወደ አዳማ ሲያመጡ ከእትዬ አረጋሽ ጋር ያልተከራከሩበት ሳምንት የለም። ጎረቤት ሊሆኑ መሆኑን ሲሰሙ «ዋቅዮ! ከአዳማ ሸሽቼ ባገሬ አገኙኝ?» አሉ ይባላል። ጉድጓዱ ተቆፈረ፤ ውሃው እንዳይሰርግ ወፍራም ጥቁር ፕላስቲክ ተነጠፈበት፤ ከመስኖው ውሃ ገባ፤ የቆሮሶ ጫጩቶች ተገዝተው ተለቀቁ። ፍሩሽካና የኑግ ፋጉሎ እያደባለቁ ያበሏቸዋል። አባ ኮዳ የሚባለው ትልቁ ወፍ ዓሣ ሊለቅም ሲመጣ ጃንጥላው አዲስ ሥራ አገኘ።

መሣሪያውን እኔ ነኝ ያስገጠምኩት። ውሃው ላይ ይንሳፈፋል፤ የውሃውን ሙቀትና በውስጡ ያለውን አየር ይለካል፤ የለካውን በስልክ መልእክት ይልካል። ዓሣ የሚተነፍሰው ውሃው ውስጥ ያለውን አየር እንደሆነ፣ አየሩ ሲያልቅም እንደሚታፈን ሳስረዳቸው ተገረሙ። «ምስኪን! እኔ ደግሞ ውሃ እስካለው ድረስ ምን ይጎድለዋል እል ነበር» ብለው በመብራት የሚሠራ የአየር መንፊያ ማሽንም አስገዙኝ። መሣሪያው ቀኑን ሙሉ መልእክት ይልካል፦ ሙቀት ደህና፣ አየር ደህና፤ ሙቀት ጨምሯል፣ አየር ደህና። አንድ ሳምንት ታዘቡትና ስም አወጡለት።

«ኮሚቴው» አሉት።

«ለምን ኮሚቴ?»

«ሪፖርት ከማቅረብ በቀር ሌላ ሥራ የለዋ! ወፍ አያባርር፣ ፍሩሽካ አይሸከም። ችግር አለ ይላል፤ ከዚያ ቁጭ ይላል።»

የኮሚቴው ሪፖርት ለእኔም ስልክ ይደርስ ነበር። አንድ ሰሞን ደግሞ ጉርጥ መጥቶ ላዩ ላይ መቀመጥ ሲለምድ ኮሚቴው አበደ። አንዴ ውሃው ቀዘቀዘ ይላል፣ አንዴ ፈላ ይላል። እትዬ አረጋሽ ደውለው «ኮሚቴው ሰብሳቢ መርጧል፤ ና አንሳልኝ» አሉኝ።

ሁዳዴ በገባ ሰሞን ዓሣዎቹ ለሽያጭ ደረሱ። ዓሣ የጾም ነው፣ አይደለም የሚለው ክርክር ባቱ ላይ እንደ ሁልጊዜው ተነሥቶ ነበር። እትዬ አረጋሽ ራሳቸው በጾም ዓሣ አይቀምሱም፤ ሲጠየቁ ግን «እኔ አርቢ ነኝ እንጂ ጳጳስ አይደለሁም፤ የንስሐ አባትሽን ጠይቂ» ይላሉ። ዕቅዳቸው ግልጽ ነበር፤ ዓሣ በሚወደድበት ሰዓት ርካሽ ዓሣ ማውጣት። ያላቸውን ሁሉ ያፈሰሱበት እዚያ ላይ ነው፤ ብርቱካንም ለወራት ያኮረፈቻቸው በዚሁ ነው።

አንድ እሑድ ጠዋት ልጠይቃቸው ከአዳማ ሚኒባስ ይዤ ወጣሁ። ብዙ ቀን ደመና ሆኖ፣ ነፋስ የሚባል ጠፍቶ ነበር። መቂን እንዳለፍን የኮሚቴው መልእክት መጣ፦ አየር ቀንሷል። ብዙም ሳይቆይ ሌላ፦ አየር በጣም ቀንሷል። ደወልኩ፤ ስልካቸው ዝግ ነው። እሑድ መሆኑ ትዝ አለኝ፤ ቅዳሴ ላይ ናቸው።

ባቱ እንደደረስኩ ባጃጅ ይዤ ቤተ ክርስቲያን በረርኩ። በሴቶች በኩል ያሉ አንዲት እናት ለምኜ አስጠራኋቸው። ተቆጥተው ወጡ።

«ቅዳሴ መሀል? ምን ሆነህ ነው አንተ?»

«ኮሚቴው አየር አለቀ ይላል።»

ፊታቸው ተለወጠ። ወደ መቅደሱ ዞረው ተሳለሙና «ጌታዬ፣ ዓሣ አጥማጆችን የመረጥክ አንተ ነህ፤ ይቅር በለኝ» ብለው ባጃጁ ውስጥ ገቡ።

ስንደርስ ያየሁት አሁንም ዓይኔ ላይ አለ። ዓሣዎቹ በሙሉ ወደ ላይ ወጥተው፣ አፋቸውን ውሃው ፊት ላይ እየከፈቱ እየዘጉ ነበር። ድምፁ ይሰማል፤ ቻ፣ ቻ፣ ቻ የሚል። ዳር ዳር ላይ በጎናቸው የተንጋለሉ አሉ። መብራት ጠፍቷል፤ አየር የሚነፋው ማሽን ቆሟል። ኮሚቴው በባትሪ ስለሚሠራ ብቻውን ስልኬን ያስጮሃል።

እትዬ አረጋሽ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሠሩና ባልዲ አንሥተው ውሃውን እየቀዱ ከላይ መልሰው ማፍሰስ ጀመሩ። እኔ እንጨት ይዤ ውሃውን መደብደብ ያዝኩ። የባጃጁ ሾፌር ጫማውን ጥሎ ገባ። አንድ የፈረስ ጋሪ ነጂ ቆሞ አየንና እሱም ተጨመረ። ግን ባልዲ ምን ያህል ነው? በጎናቸው የሚንጋለሉት እየበዙ ሄዱ። ይህን ጊዜ እትዬ አረጋሽ ባልዲውን ጥለው ወደ ኦቦ ገመቹ ማሳ ሮጡ። እኔም ተከተልኳቸው።

ኦቦ ገመቹ በነዳጅ ሞተር ሽንኩርታቸውን እያጠጡ ነው።

«ኦቦ ገመቹ! ሞተርህን ስጠኝ!»

ኦቦ ገመቹ ሁልጊዜ የሚጠብቁት ቀን የመጣ መሰላቸው። ጢማቸውን አሻሹ። «ሞተሬን? ሽንኩርቴስ ይጠማ? እንግዲህ ሁለት ባልዲ ዓሣ ነው ዋጋው፤ ትልልቁ ተመርጦ።»

«እሺ!» አሉ እትዬ አረጋሽ።

ኦቦ ገመቹ ጢማቸውን እንደያዙ ቀሩ። «እሺ? እንዴት እሺ?» ወደ እኔ ዞሩ። «አመማቸው እንዴ?»

«ዓሣዎቹ እየታፈኑ ነው!» አልኩ።

ሞተሩን አጠፉና ከልጆቻቸው ጋር ተሸክመው፣ የሚንጠባጠበውን ቱቦ ከኋላ እየጎተቱ፣ በራሳቸው ሽንኩርት ላይ እየረገጡ ሮጡ። በኋላ ላይ «እኔ ነገሩ የገባኝ እሺ ሲሉ ነው» ይሉ ነበር። «አዴ አረጋሽን ካወቅኩ ጀምሮ እሺ ብለው አያውቁም። ሰው የሞተ ነው የመሰለኝ።»

ቱቦው ወደ ላይ ተይዞ ከመስኖው የሚሳበው ውሃ እንደ ዝናብ ጉድጓዱ ላይ ወረደ። ቱቦውን የያዝነው እኔና የባጃጁ ሾፌር ነን፤ እስከ ውስጥ ልብሳችን ራስን። የሚከፈተውና የሚዘጋው አፍ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄደ። ዓሣዎቹ አንድ በአንድ ወደ ታች ሰመጡ። የሞቱ ነበሩ፤ ብዙዎቹ ግን ተረፉ። ኮሚቴው «አየር ደህና» አለ። እትዬ አረጋሽ ጭቃው ላይ ተቀምጠው ሲተነፍሱ ቆዩ። ቀጥለው ቀና አሉና «ኦቦ ገመቹ፣» አሉ፤ «ሁለት ባልዲ ያልከው በዝቷል። አንድ ይበቃሃል።»

«ገለቶማ፣ ተመስገን! ዳኑ!» ብለው ኦቦ ገመቹ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። ስለ ዓሣዎቹ ይሁን ስለ እትዬ አረጋሽ እስካሁን አልለየሁም።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ያምር ነበር። አላለቀም። እትዬ አረጋሽ ዓሣቸውን ከገበያው ዋጋ ዝቅ አድርገው ሸጡ፤ በአንድ ጠዋት አለቀ። ደስ ብሏቸው ሰነበቱ። በዚያው ሳምንት ለጡረታቸው ጉዳይ አዳማ መጥተው በዓሣ ተራ ሲያልፉ ግን ቆሮሶ ተደርድሮ አዩ፤ ዋጋውን ጠየቁ። ያው የሁዳዴው ውድ ዋጋ ነው። ዓሣው ከየት መጣ ቢሉ፣ ባቱ አንዲት ሴትዮ ከምታረባበት ጉድጓድ።

ቢሮ መጥተው ወንበሬ ላይ ተቀመጡ። ጃንጥላቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙ።

«እኔ ያሳደግኋቸው ልጆች ናቸው እኮ ሲሳይ። ዋጋቸውን ሲነግሩኝ አፍሬ ዝም አልኩ።»

ዝም ማለታቸው ከሁሉ በላይ አስደነገጠኝ።

«መስመሩስ? ትንሽም አልወረደም?»

ኮምፒዩተሩን ከፍቼ አየሁ። የእሳቸው አንድ ጉድጓድ ለአዳማ ገበያ ምንም አይደለም። «አልወረደም፣ እትዬ፤» አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ዓይናቸው ውሃ አቀረረ፤ ግን አላለቀሱም። «ጅል ነኝ» አሉ። «መድኃኒቱን ለአከፋፋይ ሰጥቼ በሽተኛው ለምን አልዳነም እላለሁ።» ተነሡና ወደ ባቱ ተመለሱ።

ከሚቀጥለው ዙር ጀምሮ ለነጋዴ መሸጥ አቆሙ። ጠዋት ጠዋት ሳይሆን፣ የአበባና የአትክልት እርሻ ሠራተኞች ከሥራ በሚወጡበት በአሥር ሰዓት አካባቢ በራቸውን ይከፍታሉ፤ የሚሸጡት ለዚያን ዕለት ወጥ የሚሆን ያህል ብቻ ነው። ነጋዴዎች ደግሞ የቤት እመቤት መስለው መምጣት ጀመሩ። እትዬ አረጋሽ መፈተኛ አላቸው፦ «ስንት ልጆች አሉሽ? ስማቸውን ጥሪልኝ።» ቆይተው ሌላ ወሬ ያወሩና በድንገት «የሁለተኛው ስም ማን ነበር ያልሽኝ?» ይላሉ። አንዷ ልጇን አንዴ አብዲ፣ አንዴ ዳዊት ብላ ስትያዝ «ክርስትና ቶሎ ቶሎ ታስነሺዋለሽ እንዴ?» ብለው ባዶ እጇን ሰደዷት።

ገበያው አልረከሰም። መስመሩም አልወረደም። ግን አንድ ቀን ተራ የምትጠብቅ ጫልቱ የምትባል የአበባ እርሻ ሠራተኛ አጠገቤ ቆማ፣ ትንሿ ልጇ ድሮ ዓሣ ስትበላ እሾሁ እየወጋት ታለቅስ እንደነበር፣ አሁን ግን ራሷ በጣቷ እየለቀመች ማውጣት እንደቻለች አጫወተችኝ። ይህን ለእትዬ አረጋሽ ስነግራቸው ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያ «እንግዲህ እሱ ነው» አሉና ወደ ሥራቸው ዞሩ።

ባለፈው ክረምት ልባቸው ደከመ። ብርቱካን ሐዋሳ ወስዳ አሳከመቻቸው፤ ተሽሏቸው ተመለሱ፤ ወዲያው ደግሞ ጣላቸው። ለቅሶው ላይ ድንኳኑ አልበቃ ብሎ ሰው የኦቦ ገመቹ ማሳ ድረስ ተቀምጦ ነበር። የአዳማ ሽንኩርት ሻጮች በሚኒባስ ተጭነው መጡ። አንዷ «እትዬ፣ ማን ይቆጣኝ?» እያለች ስታለቅስ፣ ሌሎቹ ደግሞ እያለቀሱ ይስቁ ነበር።

ብርቱካን ግን አላለቀሰችም። ሰው ታስተናግዳለች፣ ወንበር ታስቆጥራለች፣ ለመጣው ሁሉ «እግዜር ይስጥልኝ» ትላለች። ሰዎች ልቧ ደርቋል ብለው ይንሾካሾኩ ነበር። እናቷ በሕይወት ሳሉ ያንን ጉድጓድ በኩርፊያ አንድ ቀን ቀርባ አይታው አታውቅም፤ በሐዘኑ ቀናትም ዓሣዎቹን የመገቧቸው ኦቦ ገመቹ ናቸው።

ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ምን እንደሚደረግ ለመነጋገር ሦስታችን ወደ ጉድጓዱ ወረድን። ብርቱካን ቢሸጥ ይሻላል ስትል መጥታለች። ከፊት ከፊታችን በጥቁር ልብስና በነጠላ ጫማ፣ ፈጠን ፈጠን እያለች ትሄዳለች። ዳርቻውን እንደረገጠች ውሃው ተንቀሳቀሰ። ዓሣዎቹ ከየማዕዘኑ እየተጋፉ መጡና እግሯ ሥር ተሰበሰቡ።

ወደ ኋላ አለች። «ምን ሆነው ነው?»

«ኮቴ ሰምተው ነው፤» አሉ ኦቦ ገመቹ። «እኔ ስመጣ እንዲህ አይሆኑም። ይፈሩኛል፤ ፍሩሽካውን ጥዬላቸው ዞር ስል ነው የሚበሉት።»

ብርቱካን ወደ እግሯ፣ ከዚያ ወደ ውሃው ተመለከተች። «እሷን መስያቸው ነው?» አለች።

እዚያው ዳር ላይ ተቀመጠችና ስንት ቀን ተይዞ የነበረው እንባ መጣ። ኦቦ ገመቹ ፊታቸውን ወደ ማሳቸው አዞሩ። እኔ የምቆምበት ጠፋኝ። ዓሣዎቹ ግን አልተበተኑም፤ እየጠበቁ ነበር።

በኋላ ፊቷን በነጠላዋ ጠርጋ ተነሣች።

«ምንድነው የሚበሉት?» አለችኝ።

የፍሩሽካውን ጆንያ ጎትቼ አመጣሁላት። እጅጌዋን ሰበሰበችና ክንዷን እስከ ክርኗ ከተተችበት።